ይጋባል ብላ የፈራችው ብጉር

ሰፈሩ «እትዬ መርፌ» ይላታል። ልብስ ሰፊ ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ምላሷም ይወጋል። ቀሚሷን ልታሰፋ የመጣችን ደንበኛ «ቀሚሱ ምን አደረገ? አንቺ ነሽ እንጂ የሰፋሽው» ትላታለች። ደንበኛዋም ስቃ ትሄዳለች፤ ተመልሳም ትመጣለች።

ሃምሳን በተሻገረች ሰሞን አገጯ ላይ ብጉር ወጣባት። «በኮረዳነቴ ያልጎበኘኝ ዛሬ ምን አግኝቶ ነው?» ብላ ቀለደች። አንዱ ሲከስም ሌላው ይተካል፤ ቀይ፣ ጠጣር፣ ሲነኩት የሚያም። እጇ አላርፍ አለ። በጥፍሯ ታፈርጠዋለች፤ በልብስ ሳሙና ትፈትገዋለች። ጎረቤቷ ደግሞ ቅባት ሰጠቻትና «እስኪለቅሽ ሕፃን እንዳትነኪ፤ ይጋባል» አለቻት። ቅባቱ መጀመሪያ ፊቷን ቁልጭ አደረገው። ከዚያ ባሰባት፤ ብጉሩ እስከ ከንፈሯ ዳር ወጣ።

አንድ ልጇ የወለደችው በዚያው ሰሞን ነበር። እትዬ መርፌ አፏን በነጠላ ሸፍና ከመኝታ ቤቱ በር ላይ ቆመች።

«እማዬ፣ ግቢና እቀፊያት እንጂ!»

«ጉንፋን ይዞኛል፤ ሌላ ቀን።»

ሌላ ቀን ሲመጣ ሥራ በዛብኝ አለች። እውነቱን እንዳትናገር፣ በዚህ ዕድሜ ብጉር ማለት አሳፈራት። በኋላ ልጇ ደወለችላት። «ባሌን እንደማትወጂው አውቃለሁ። ለልጄም ተረፈ?» እትዬ መርፌ «ደንበኛ መጣብኝ» ብላ ስልኩን ዘጋች። ብዙም ሳይቆይ ባልየው ሥራ ተቀየረ፤ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ሌላ ከተማ ሄዱ።

ከዓመት በላይ ካለፈ በኋላ አንዲት ደንበኛዋ እጇን ይዛ ቆዳ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት። ሐኪሟ ወጣት ናት። አገጯን በመብራት አየችና ጠየቀቻት፤ እትዬ መርፌም ስትሰፋ ስልኩን በአገጯና በትከሻዋ መሃል ቆልፋ እንደምታወራ ሳይቀር ነገረቻት።

«የወር አበባ ሊቋረጥ ሲል ሆርሞን ይዋዥቃል፤ ብዙ ሴቶች አገጫቸው ላይ ይወጣባቸዋል» አለች ሐኪሟ። «የእርስዎን ያባባሰው ቅባቱ ነው፤ በአንዴ አይተዉት፤ ቀስ በቀስ እንዴት እንደሚያቆሙት እኔ አሳይዎታለሁ። አያፍርጡት፣ ጠባሳ ይተዋል። በለስላሳ ሳሙና ጠዋትና ማታ ይታጠቡ፣ አይፈትጉት። ቅባታማ ክሬም ይቅርብዎ። ስልኩንም ከአገጭዎ ያርቁት፣ መታሸቱ ያስቆጣዋል።»

«ሕፃን ስሜ ቢሆንስ ኖሮ?»

«ምን ይሆናል? ብጉር እኮ አይጋባም።»

እትዬ መርፌ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ሐኪሟ ብጉሩ ያስፈራት መስሏት «አይዞዎት፣ ይድናል» አለቻት።

ዳነም። ጥቂት ጠቋቁር ምልክቶች ብቻ ቀሩ። ያኔ አንዲት ትንሽ ቀሚስ ሰፋችና አውቶቡስ ተሳፈረች። ልጇ በሩን ስትከፍት ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ ሁሉንም ዘረገፈችላት።

«ብጉር?» አለች ልጇ። «እማዬ፣ ለብጉር ብለሽ ነው?» መሳቅ ጀምራ አለቀሰች። «ምነው ያኔ ብትነግሪኝ። እኔ እኮ ስንት ነገር አሰብኩ።»

«ምን ልበልሽ፣ ልጄ። አፈርኩ።»

ሕፃኗ ከእናቷ ቀሚስ ጀርባ ተሸሸገች። «አያቴ» የምትለው የአባቷን እናት ነው፤ ይቺን ሴት አታውቃትም። በስንት ማባበል ቀሚሱን ሊያለብሷት ሞከሩ፤ ከትከሻዋ አላልፍ አለ። እትዬ መርፌ ስትሰፋ በልቧ የነበረችው ያቺ ከበር ቆማ ያየቻት አራስ ነበረች። ሜትሯን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ልጅቷ ግን ለመለካት እሺ አላለችም።