ለለቅሶ የተፈለገው ሸሚዝ

ገንዳ ውሃ ከተማ ልብስ መስፋት ከጀመርሁ ብዙ ዓመቴ ነው። የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ከደጋ ለሥራ የሚወርዱት ጎረምሶች፣ እኛ ሳሉግ የምንላቸው፣ የክት ልብሳቸውን በፌስታል ቋጥረው እኔ ዘንድ ይተዋሉ። እርሻው ላይ ላብና አቧራ ይጨርሰዋላ። ሥራው ሲያልቅ መጥተው፣ ታጥበውና ለብሰው፣ ሰው መስለው አገራቸው ይገባሉ። እስከ ጥምቀት ያልመጣውን ረስቶታል ወይም ሱዳን ተሻግሯል ብለን ጨርቁን እንጠቀምበታለን። የእኛ የሰፊዎች ደንብ ይኸው ነው።

ያን ዓመት እኔ ጥምቀትን አልጠበቅሁም። ችኩል ነኝ፤ እናቴም ይህንኑ እየነገረችኝ ነው ያደግሁት። ታኅሣሥ ላይ አንዲት ጎረቤቴ ቁርጥራጭ ጨርቅ ገጣጥሞ አልጋ ልብስ መሥራት አስተምሪኝ አለችኝ። ቤት ያለው ቁርጥራጭ ሁሉ ናይለን ነበር፤ ናይለን ደግሞ ከጀማሪ እጅ ያመልጣል። ተንጠልጥሎ የቀረውን የመጨረሻ ፌስታል ፈታሁት። ሰማያዊ መስመር ያለው የጥጥ ሸሚዝ ወጣ። ሌሎቹ ወስደው ሄደዋል፣ ይኼኛው ከእንግዲህ አይመጣም አልሁና መቀሴን አነሳሁ።

ካርቶን በአራት ማዕዘን ቆርጬ በጠመኔ ዙሪያውን ጨርቁ ላይ እንድታሰምር ሰጠኋት። ከሸሚዙ ጀርባ ስድስት፣ ከፊቱ አራት ወጣ፤ ከእሷ አሮጌ ነጭ ቀሚስ ስምንት። ሰማያዊና ነጭ እያፈራረቅን ሦስት ሦስቱን በረድፍ ሰፋን፤ ሦስቱን ረድፍ በካውያ ተኩሰን አንድ ላይ ገጠምን፤ እንዲህ ባለ ዘጠኝ ቁራጭ ሁለት ሠራን። መጋጠሚያዎቹ ፊት ለፊት ካልተያዩ ሁሉም ይንጋደዳል። የመጀመሪያው ተንጋደደባትና አስፈታኋት፤ ተነጫነጨች። ሁለቱም በመጨረሻ ቀጥ አሉላትና ለአላፊ አግዳሚው እንዲታዩ ግድግዳዬ ላይ ሰቀልናቸው።

ለጥምቀት ሳምንት ሲቀረው አንድ ሽማግሌ ከጎጃም መጡ። ልጃቸው እርሻው ላይ በወባ ሞቶ እዚያው ተቀብሯል። ጓደኞቹ መርዶውን ሲነግሯቸው ልብሱ እኔ ዘንድ መኖሩንም ነግረዋቸዋል።

«እናቱ አልሞተም ብላ ቁጭ ብላለች» አሉኝ። «ልብሱን በዓይኔ ካላየሁ አላለቅስም አለች። ለቀስተኛውም ልብሱን ዘርግቶ ነው የሚያለቅስ። እንዴው ሸሚዙን ስጪኝ ልጄ።»

እውነቱን ልናገር፤ ጠፋ ብዬ ልዋሽ ነበር። ዓይናቸው ግን ግድግዳው ላይ ነበር። ሸሚዙን የገዙለት እሳቸው ናቸው።

«ተቀዶ አገኘሽው?» አሉ።

«የለም አባቴ፣ ደኅና ነበር። ቸኩዬ ነው የቆረጥሁት። ይቅር ይበሉኝ።»

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ በቀለለኝ።

«እንግዲያ መልሰሽ ግጠሚው» አሉ።

ቀኑን ሙሉ በሬ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ስፌቱን በምላጭ ፈታሁ። ጀርባውን ከጀርባ፣ ፊቱን ከፊት ለይቼ፣ መስመሩን እያገናኘሁ ሰፋሁት። ጨርቅ ግን አንዴ ከተቆራረጠ በየመጋጠሚያው ስፌቱ ጣት ያህል ይበላበታል፤ ከጀርባው በላ፣ ከፊቱ በላ። ትከሻው ሲጠብ እጅጌው አልገባም አለና እሱንም አጠበብሁት፣ አሳጠርሁት። ተኩሼ ሳነሳው የአሥር ዓመት ልጅ ሸሚዝ ሆኗል። እጄን ቆርጬ ብጥለው ደስ ባለኝ።

ተቀብለው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። ከትከሻ እስከ ትከሻ በስንዝራቸው ለኩት፤ አላመኑም መሰል ደግመው ለኩት።

«የእኔ ልጅ ከቁመቱ የተነሳ በበር ጎንበስ ብሎ ነበር የሚገባ» አሉ። «ይኸን ባሳያት፣ የሞተው የሌላ ሰው ልጅ ነው ትለኛለች።»

ሸሚዙን አጥፈው በዚያው ፌስታል ከተቱት፤ እግዜር ይስጥልኝ ብለውኝ ወደ መናኸሪያው ሄዱ። እናቱ ምን እንዳለች ሰምቼ አላውቅም። እኔ ግን ያቺ እናት ዛሬም ሳታለቅስ፣ በሩን እያየች ልጇን የምትጠብቅ ይመስለኛል።