እህቴን ያበላት ጾም

ሁዳዴ ሲገባ በሲ.ኤም.ሲ ካፌዎች የሚለወጠው ሜኑው ብቻ ነው። የጾም ኬክ፣ የጾም ፒዛ፣ «ዓሣ ይበላል አይበላም» የሚል የማያልቅ ክርክር። አንድ ዓመት የጾም በርገር የሚል ማስታወቂያ መስኮት ላይ አየሁና መጣጥፍ ጻፍኩበት። የዚህ ከተማ ሰው ሥጋ የሚመስል ነገር ሲፈልግ ይከርምና በመጨረሻ ጾምኩ ይላል አልኩ። ብዙ ሰው ሳቀ። ታላቅ እህቴ አላነበበችውም። እሷ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ዳገቱ ላይ ባለች ጠባብ ቤት ብቻዋን የምትኖር፣ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ውኃ እንኳ የማትቀምስ ሴት ናት። ያሳደገችኝም እሷ ናት።

ዘንድሮ ስኳር በሽታዋ ጠናባት። ሐኪሙ ጠዋት መርፌዋን ከተወጋች በኋላ የግድ መብላት እንዳለባት ነገራት። እሷ መርፌውን ተወጋች፣ ምግቡን ተወች።

«መርፌ በአፍ አይገባም፤ ጾሜን አይነካም» አለችኝ፣ ትልቅ ብልሃት እንዳገኘ ሰው።

በማግስቱ ጎረቤቶቿ ደጃፏ ላይ ወድቃ አገኟት። እኔ ስደርስ ስኳር በጥብጠው አጠጥተዋት ነፍስ ዘርታለች። የሚያስለቅሳት መውደቋ ሳይሆን የጠጣችው ስኳር ነበር።

«እትዬ፣ ልትሞቺ ነበር እኮ!»

«ጾም ይዤ ብሞት ምን ክፋት አለው?»

«ሐኪሙ ግን…»

«ሐኪሙ ጨዋ ልጅ ነው። ጾሙን ያወጀው ግን እሱ አይደለም።»

በዕድሜዬ ያነበብኩትን ሁሉ አወጣሁላት። አንዲት ቁራሽ አላስጎረሳትም። በመጨረሻ እንደ እኔ ላለ ሰው ውርደት የሆነውን አደረግሁ፤ የንስሐ አባቷን ጠራኋቸው። ዳገቱን እያለከለኩ ወጡና ገና ሳይቀመጡ ተናገሩ።

«ብዪ፤ ፈትቼሻለሁ።»

«አባቴ፣ ሌላው ጾም ይሁን። ይኼ ሁዳዴ ነው። እንዴት መሬት ላይ እጥለዋለሁ?»

ካህኑ ወንበር ስበው ተቀመጡ፣ ላባቸውን ጠረጉ፣ ከዚያ በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱ።

«መሬት ላይማ አይጣልም። ይኼ ይያዝልሽ።»

እህቴ ከነሕመሟ ሳቀች። «እሱ? አባቴ፣ እሱ እኮ ዓርብ ክትፎ የሚበላ ጉድ ነው!»

«አውቃለሁ። የሚጽፈውንም አነባለሁ።» ወደ እኔ ዞሩ። «እሷ ትበላለች፣ አንተ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመህ ትውላለህ። ሆድህ ይለምደዋል፤ የሚያስቸግርህ አፍህ ነው። እስከ ዘጠኝ በማንም እንዳታሾፍ።»

«ይህ የቱ መጽሐፍ ላይ ነው ያለው?» አልኳቸው።

«ይኸው፣ ጀመረ» አሉ።

እኔ እሷን ለማብላት የተጠቀሙበት ዘዴ ነው ብዬ ነበር። እህቴ ግን ቃሉን እንደ ቃል ያዘችው። ምግቧን ከመንካቷ በፊት ትደውልና «ይዘኸዋል?» ትለኛለች። አዎ ካልኳት ትበላለች። አይ ብላት እንደማትበላ አልተጠራጠርኩም።

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ጠዋት ካፌ ገብቼ በልማድ ማኪያቶ አዘዝኩ። ስኒው ፊቴ እንደተቀመጠ ስልኬ ጠራ።

«ይዘኸዋል?»

መዋሸት ቀላል ነበር። እሷ ትበላለች፣ እኔ እጠጣለሁ፣ ሐኪሙም ደስ ይለዋል። ብዙ ጊዜ ከዚህ ባነሰ ምክንያት ሰው አሳምኛለሁ። ስኒውን በጣቴ ገፋሁትና «ይዤዋለሁ» አልኩ። የፈራሁት እሷን አልነበረም፣ ካህኑንም አልነበረም። ማንን እንደሆነ ዛሬም አጣርቼ አላውቅም። አጠገቤ አንድ ጎልማሳ የጾም ኬኩ ለምን እንደ ፍስኩ እንደማይጣፍጥ አስተናጋጇን ይሞግታታል። ምን የመሰለ ነገር ምላሴ ላይ መጣ! ዋጥኩት። ያን ጠዋት የቀመስኩት እሱን ብቻ ነው።

አንድ ዓርብ ደግሞ በእሷ ፈንታ እንድሳለም እንጦጦ ማርያም ላከችኝ፤ እሷ አቀበቱን መውጣት አልቻለችም። ብርዱ ባሕር ዛፉን አልፎ አጥንት ይገባል። ቅጥሩ በሰው ተሞልቷል። የመሥሪያ ቤት ባጇን ከነጠላዋ ሥር ያንጠለጠለች ወጣት፣ የመኪና ቁልፍ በጣቱ የያዘ ሹፌር፣ መቋሚያ የተደገፉ ሽማግሌ። ከንፈራቸው ደርቋል። ጠባቂ የለ፣ ተቆጣጣሪ የለ። ከበሩ ውጭ ሙዝ ይሸጣል፣ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። እስከዚያ ቀን እያንዳንዱ ለራሱ ነፍስ የሚራብ ይመስለኝ ነበር። በመካከላቸው ስቆም ግን ስንቱ የስንቱን ይዞ እንደቆመ ማን ያውቃል አልኩ። ልጁ ታሞበት፣ እናቱ ደክማበት፣ ባሏ ጠፍቶባት። ባርኔጣዬን አወለቅሁ።

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተርገፈገፈ። ከበሩ ወጥቼ ዛፍ ሥር ቆምኩ።

«ይዘኸዋል?»

«ይዤዋለሁ፣ እትዬ።»

ሌላ ጊዜ ወዲያው ትዘጋለች። ያን ቀን ሳትዘጋው አስቀመጠችው መሰለኝ፣ ሰሃኑ ሲንኳኳ ተሰማኝ። በሹክሹክታ «በስመ አብ» አለች። ከዚያ እህቴ ስታኝክ ሰማሁ፤ ቀስ ብላ፣ እንደ ታዘዘ ሕፃን። ከታች ለጋሲዮን የምትጎርሰው እያንዳንዱ ጉርሻ በእኔ ባዶ ሆድ በኩል የሚያልፍ መሰለኝ። እስክትጨርስ አልዘጋሁም። ትንፋሼ እንዳያቋርጣት ስልኩን ከአፌ አርቄ ያዝኩት።