በሩዝ ጆንያ መሀል የተቀዳ አልበም

ድራም መቺውን መጥላት የጀመርሁት አልበሙን ከመጀመራችን በፊት ነው። ዛሬ አልበሙን የሚሰሙ ልጆች ወንድማማቾች እንደነበርን አድርገው ስለሚያወሩ ነገሩን ከወዲሁ ልናገር። ወንድማማቾች አልነበርንም። እኔ ጊታር ነበረኝ፣ እሱ ድራም ነበረው፣ ባሕር ዳር ውስጥ ዴዝ ሜታል የሚባለውን የጩኸት ሙዚቃ የሚሰማ ሰው ደግሞ በጣት የሚቆጠር ነበር። እሱ ሳቂታ ነው፤ ሰው ሁሉ ይወደዋል። አርፍዶ ሲመጣ እንኳ እየሳቀ ነው የሚገባው። እኔ ያረፈደ ሰው ሳቅ አልወድም።

አልበሙ ስለ እምቦጭ ነበር። ዘጠኝ ዘፈን፣ ዘጠኙም ጣናን ስለሚያንቀው አረም። ግጥሙን የጻፍሁት እኔ ነኝ፣ የጮኽሁትም እኔ ነኝ። ጩኸት ስል ከሆድ ተጎትቶ የሚወጣ፣ ቃሉ በግድ የሚለይ ጉርምርምታ ማለቴ ነው። ቤቴ ስለማመድ አከራዬ በር አንኳኩተው፣ ታመሃል ወይ ብለው ጠይቀውኛል። ስለዚህ እዚያ መቅዳት የማይታሰብ ነበር።

የቀዳነው በድራም መቺው አባት መጋዘን ነው። አባቱ ግሽ አባይ ሰፈር ውስጥ ከወረታ የሚያስመጡትን ሩዝ ይነግዳሉ። ጆንያው እስከ ጣራ ሲደረደር ድምፅን ውጦ ያስቀረዋል፤ በውድ ስቱዲዮ የሚገኘውን ጸጥታ እኛ በሩዝ አገኘነው። ችግሩ ሩዝ መሸጡ ነው። ለኢድ ገበያው ሲደራ መጋዘኑ ይራቆታል፣ ግድግዳው ማስተጋባት ይጀምራል። ስለዚህ ድራሙ በሙሉ ከበዓሉ በፊት ተቀድቶ ማለቅ አለበት ብዬ ወሰንሁ። ማንንም አላማከርሁም።

ዘጠኙንም ዘፈን በሁለት ሳምንት አስመታሁት፣ ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ፣ ቆርቆሮው በጋለበት ሰዓት። ድገም እለዋለሁ፣ ይደግማል። ስድስተኛው ዘፈን ላይ ሁለቱ ፔዳሎች ሳያቋርጡ መንደቅደቅ ሲገባቸው እግሮቹ ወደ ኋላ እየተጎተቱ አስቸገሩኝ። አሥራ አንድ ጊዜ አስደገምሁት። በአሥራ አንደኛው መሳቁን ተወ። እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አለኝ።

በዓሉ ካለፈ በኋላ አንድ ዓርብ፣ እሱ ለጁምዓ ሶላት መስጊድ በሄደበት፣ መጋዘኑ ውስጥ በምንቀዳበት ኮምፒዩተር ላይ ተቀመጥሁ። የእሱን ድራም ከዘጠኙም ዘፈን አወጣሁና ቤቴ ስሠራው የሰነበትሁትን የኮምፒዩተር ድራም በቦታው አስገባሁ። ኮምፒዩተር አይደክምም፣ አያረፍድም፣ አይስቅም። ልጁ ከመስጊድ ተመልሶ አንዱን ዘፈን ከፈተ። ግማሹ ላይ ሳይደርስ አቆመው።

"ይኸ እኔ አይደለሁም" አለ።

አዎ፣ አይደለህም አልሁት። ኮምፒዩተሩን አጠፋ፤ እስክወጣ ድረስ በሩን ይዞ ቆመ። በማግስቱ ስሄድ የመጋዘኑ ቁልፍ ተቀይሯል። የአንድ ዓመት ተኩል ሥራዬ ከውስጥ ቀረ፤ ሌላ ቅጂ አልነበረኝም። ስደውልለት አያነሳም፣ በአባቱ ሱቅ በኩል ሳልፍ ፊቱን ያዞራል። አልበሙ እዚያው ሩዝ መሀል ሊቀር ነው።

ሽማግሌ ላክሁ። ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ አይደለም፣ አልበሜን ስለፈለግሁ ነው። ሦስት ሆኑ፦ አከራዬ፣ የድራም መቺው አጎት የሆኑት ልብስ ሰፊ ሀጂ፣ ሦስተኛው ደግሞ ዕድሜያቸውን በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠርተው በጡረታ የወጡ ጎረቤት። አባትየው መጋዘኑን ከፈቱላቸውና ሽማግሌዎቹ ጆንያ ላይ ተቀመጡ። ከሳሹም ተከሳሹም እኔ ስለነበርሁ መጀመሪያ የተናገርሁት እኔ ነኝ። ስለ ፍጥነት፣ ስለ ጥራት፣ ይህ ሙዚቃ ስህተትን ስለማይምር ብዙ አወራሁ። ሀጂው እስክጨርስ ታግሠው፣ ያልሰማነውን ነገር እንዴት እንፈርዳለን አሉ። ይህን አላሰብሁበትም ነበር።

ስድስተኛውን ዘፈን ሁለት ጊዜ አሰማኋቸው፤ መጀመሪያ በኮምፒዩተሩ ድራም፣ ቀጥሎ በእሱ። የእሱን ቅጂ ከኮምፒዩተሩ ያላጠፋሁት ለእሱ አዝኜ ሳይሆን ሰንፌ ነው። አከራዬ ጩኸቴን ሲሰሙ በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ሀጂው መሬት መሬት አዩ። ጡረተኛው ብቻ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። የመጀመሪያው የሽመና ክፍሉ ማሽን ነው፣ እሱን ስሰማው ነው ያረጀሁት አሉ። ሁለተኛውን ግን እንደገና አስከፈቱኝና መሀሉ ላይ ሲደርስ እጃቸውን አነሡ።

"እዚህ ላይ ልጁ ዝሏል። መቼ ነው የመታው?"

ከኢድ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ነው ብዬ እኔ መለስሁ። ሀጂው ቀና አሉ።

"ጾም ይዞ?"

ስንት ጊዜ እንዳስደገምሁት ጠየቁኝ፤ አሥራ አንድ አልሁ። ያን ጊዜ በሃይላንድ ጠርሙስ ይዤው የነበረው ውሃ ትዝ አለኝ። ለጉሮሮዬ እያልሁ በየመሀሉ እጎነጭ ነበር፣ እሱ ላቡን እየጠረገ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ። አፈርሁ፣ ስላፈርሁም ተናደድሁ። ለምን አልነገርኸኝም አልሁት።

"ታውቅ ነበር" አለ።

አውቅ ነበር። ከሰፈራችን ግማሹ ጾመኛ ነበር፣ በየማታው የማፍጠሪያውን አዛን እሰማ ነበር። አውቄ ነው ድገም ያልሁት።

ፍርዱ አጭር ነበር። የእሱ ድራም ወደ ቦታው ይመለስ፣ እኔም ጉልበቱን ልሳም፣ ከዚያ በኋላ አንዳችን ሌላውን ሰላም ሳንል እንዳናልፍ። ጎንበስ ስል በብብቴ ይዞ አነሣኝ፣ ሽማግሌዎቹ ደስ አላቸው፣ መረቁን። በሩ ላይ ብቻችንን ስንሆን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "የታረቅሁህ ለእነሱ ብዬ ነው" አለኝ።

አልበሙ ወጣ። በቴሌግራምና በፍላሽ ተዳርሶ አሁን የኮሌጅ ልጆች ክላሲክ ይሉታል። ስለ ግጥሜ የሚጠይቀኝ የለም፤ ስለ ጩኸቴም የለም። ሁሉም የሚያወሩት ስለ ስድስተኛው ዘፈን ነው። ያ ጭቃ ውስጥ እንደሚሄድ ሰው የሚጎተተው ድራም እንዴት መጣላችሁ ይሉኛል፤ ለመኮረጅ ሞክረው አቅቷቸዋል። እንዴት እንደመጣ ለአንዳቸውም ነግሬ አላውቅም።

እሱ ድራሙን ሸጦ አባቱ ሱቅ ተቀምጧል። ሰላም ሳልል ማለፍ ስለማልችል ሩዝ የምገዛው ከእሱ ነው። በሄድሁ ቁጥር ከማንኛውም ነገር በፊት አንድ የታሸገ ውሃ ከፍቶ ፊቴ ያስቀምጣል። አልጠማኝም ማለት አይሠራም፤ ብዙ ጊዜ ብዬዋለሁ። ሌላውን ደንበኛ እየሳቀ ያስተናግድና ወደ እኔ ሲዞር ሳቁን ያቆማል። ጠርሙሱ ባዶ እስኪሆን ሚዛኑን አይነካም። እኔም ቆሜ እጠጣለሁ።