የኦቦ ዳባን ድምፅ የቀዳን ጊዜ

መቱ ላይ ሥራ የጀመርኩ ቀን የሬዲዮ ጥገና ሱቁ ባለቤት ጋሼ መኮንን መበየጃ አላስያዙኝም። የሚንጫጫ ሬዲዮ ፊቴ አስቀምጠው፣ "መጀመሪያ ስሚው" አሉኝ። ስሰማው ዋልኩ። ሴት ሬዲዮ ስትጠግን አይተው የማያውቁ ደንበኞች ሳቁብኝ፤ ሥራው ደስ ስላለኝ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ኋላ ሱቁ ለእኔ ቀረ። ቴፕና ሬዲዮ እየጠፋ ሞባይል ሲበዛ፣ ለንሳ የምትባል የኮምፒውተር መምህርት መዳፍ የምታህል ኮምፒውተር ይዛ መጣች። ሁሉ ነገሯ አንድ ሰሌዳ ላይ ነው፤ ሽፋን እንኳ የላትም።

የለንሳ አባት ኦቦ ዳባ መቱ አቅራቢያ ያዮ ውስጥ ንብ አናቢ ናቸው። ጉሮሯቸውን ኦፕራሲዮን ሊደረጉ ነው፤ ሐኪሙ ድምፃቸው እንደ ድሮው ላይመለስ እንደሚችል ነግሯቸዋል። ለንሳ ለልጅ ልጆቻቸው የሚያወሩትን ተረት ቀድማ በዚች ኮምፒውተር ልትቀዳ ብትሞክር፣ ቅጂው ሁሉ ጥዝዝ ይላል። ስታሰማቸው በኦሮምኛ፣ "ቀፎ ውስጥ ሆኜ ነው እንዴ የማወራው?" ብለዋታል።

መጀመሪያ የተሰካችበትን የሞባይል ቻርጀር ነቅዬ ኮምፒውተሯን በፓወር ባንክ አስነሳኋት። ጥዝዝታው ጠፋ። ቀጭን ጭርጭርታ ግን ቀረ። ኮምፒውተሯ ሥራ ሲበዛባት እንደሚብስ ያስተዋለችው ለንሳ ናት። ማይኩ የሚሰካባት የድምፅ ካርድ ሰሌዳው ላይ ተለጥፋ ነበር፤ በማራዘሚያ ገመድ ራቅ አደረግናት። እሱም ጠፋ።

ያዮ ስንደርስ ኦቦ ዳባ አዲስ ሸሚዝ ለብሰው ጠበቁን። ማይኩን ወደ አፋቸው አስጠግቼ የአካባቢው ጫጫታ እንዳይገባ የመቅጃውን ድምፅ ዝቅ አደረግሁ። የጅብና የጦጣን ተረት ጀመሩ። ጅቡ ሲታለል ራሳቸው ሳቁ፣ እኛም አፋችንን ይዘን ሳቅን።

መልሰን ስናሰማቸው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያ፣ "እትዬ ዘውዴ፣ አሁን እኔ ነኝ" አሉኝ። ለንሳ አለቀሰች፤ እኔም ማይኩን የምጠቀልል መስዬ ዞር አልኩ።

ኦፕራሲዮኑ በደኅና አለፈ። ድምፃቸው ተመለሰ፣ ግን ሻካራና ዝግ ያለ ነው። ማታ ማታ የልጅ ልጆቻቸው ቅጂውን ሲከፍቱ እሳቸው አጠገባቸው ይቀመጣሉ። ሲቀዱ ያሳጠሩት ቦታ ሲደርስ በእጃቸው አስቁመው፣ በሹክሹክታ የጎደለውን ይሞሉታል። ልጆቹ ይህን ከተረቱ አብልጠው ይወዱታል።

ከሥራዬ የተማርኩት ይህን ነው፦ ጫጫታን ከተቀዳ በኋላ ከማጽዳት፣ ከመቀዳቱ በፊት ከየት እንደሚመጣ ፈልጎ ማራቅ ይቀላል።