የአያ ውዱን ፎቶ ይዤ ከእብናት ስመለስ

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከደብረ ታቦር መናኸሪያ ተነሳሁ። የምሄደው እብናት፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ውዱ ዘንድ ነው። ልባቸውን ከታመሙ ወዲህ በደወሉ ቁጥር አንድ ነገር ይሉኛል፦ «በለቅሶዬ ቀን የሚያዝ ፎቶ የለኝም። መታወቂያዬ ላይ ያለው እኔን አይመስልም። ካሜራ ገዛሽ አሉ፤ ምነው እኔ ቀረሁ?» እኔ የሒሳብ መምህርት ነኝ፤ ፎቶ ማንሳት ደስታዬ እንጂ እንጀራዬ አይደለም። መንገዱን ፈርቼ ሁለት ጊዜ ቀጠሮ አፍርሻለሁ።

አርብ ከትምህርት ቤት ስመለስ ዕቃዬን አልጋ ላይ ዘርግቼ ስጨነቅ ቆየሁ። ረጅሙ ሌንስ ከሩቅ ሲያዩት መሣሪያ ይመስላል፤ ማቆሚያውም እንዲሁ። ሁለቱንም ትቼ ካሜራዬን ከአጭሩ ሌንስ ጋር በነጠላ ጠቀለልኩ። ላፕቶፔንም ፍተሻ ፈርቼ ቤት ተውኩት። ሁለተኛው ሜሞሪ ካርዴ በተማሪዎቼ የምረቃ ፎቶ ተሞልቷል፤ ሌላ ቦታ ስላልገለበጥኩት ላጠፋው አልደፈርኩም። አንድ ካርድና አንድ ፍላሽ ዲስክ ይዤ ወጣሁ።

እስከ እብናት

ታሪፉ ከዓምናው እጥፍ ሆኗል፤ የተከራከረ ሰው ግን አልነበረም። ዓለም በርን አልፈን ወደ ወረታ ስንወርድ ብርዱ ለቀቀን፤ የሩዝ ማሳው ግራና ቀኝ ውኃ አቁሯል። እጄ ካሜራውን ለማውጣት አስር ጊዜ ተነስቶ አስር ጊዜ ተመለሰ። ይፋግ ላይ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ነጠላውን ዳሰስ አደረጉና «ምንድን ነው እቴ?» አሉኝ።

«ካሜራ ነው እማማ።»

«በይ እግርሽ ሥር አድርጊው። በዚህ ዘመን ዓይን ያለው ዕቃ ይዞ መሄድ ደግ አይደለም።»

ከአዲስ ዘመን ሌላ መኪና ይዤ፣ አቧራ ለብሼ፣ ሰባት ሰዓት ላይ እብናት ገባሁ።

እሑድ ጠዋት

አያ ውዱ ቅዳሴ ሳያስቀድሱ ፎቶ አልነሳም አሉ። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አዲሱን ጋቢያቸውን ለበሱና ደጃፍ ላይ ቆሙ። ካሜራውን ማስተካከል ስጀምር አውራ ዶሮው አጥር ላይ ወጥቶ ይጮህባቸው ጀመር፤ እሳቸውም ዱላቸውን አንስተው ይሰድቡታል። ከዚያ ተቀመጡ፣ ፊታቸውን አኮሳተሩ። «እንዲህ ነው የምፈልገው፤ ሰው ሲያየኝ ይፍራ» አሉ። ደጃፍ ላይ ከቆሙበት ጀምሮ አርባ ሦስት ፎቶ አነሳሁ። የመጨረሻዎቹ እሳቸው እንዳሰቡት፣ ግርማ ያላቸው ነበሩ።

ፎቶዎቹን አንድ ካርድ ላይ ብቻ ይዤ መንገድ መግባት አስጨነቀኝ። ገበያው ዳር ፎቶ ኮፒና የስልክ ጥገና የሚሠራው ሰይድ ሱቁን ከፍቶ አገኘሁት። ካርዱን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝቶ ወደ ፍላሼ መገልበጥ ሲጀምር መብራት ሄደ።

«ስንት ተገለበጠ?» አልኩት።

«አላየሁም። ፍላሹ ራሱ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ነገ ጠዋት ነይ፣ መብራቱ ከነገ በፊት አይመጣም።»

ወደ ደብረ ታቦር የሚመልሰኝ መኪና ሹፌር ክላክስ ይነፋል። ነገ መንገዱ ቢዘጋስ? ካርዱን ካሜራው ውስጥ መልሼ፣ ፍላሹን ቁልፌ ላይ አንጠልጥዬ ተሳፈርኩ።

ገመዱ

አዲስ ዘመን ሳንደርስ መንገዱ ላይ ገመድ ተወጥሯል። ጠመንጃ የያዙ ሰዎች አስወረዱን። ማን እንደሆኑ የጠየቀ የለም። አንደኛው ነጠላዬን ፈታ።

«ጋዜጠኛ ነሽ?»

«መምህርት ነኝ። አጎቴን ነው ያነሳሁት።»

ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየ። «ከኋላቸው ያለው ኮረብታ ለምን ገባ?» አለኝ። ኮረብታ መኖሩንም ልብ አላልኩም ነበር። ካርዱን አወጣና በጣቶቹ ሰበረው። ከዚያ ቦርሳዬን ከፈተ። ፍላሹ ቁልፌ ላይ ተንጠልጥሏል። ቁልፉን ወደ ጎን ገፋ፣ መጽሐፌን ገለጠ፣ ዘጋው። «ሂጂ» አለኝ። ካሜራዬን መልሼ በነጠላው ጠቅልዬ ተሳፈርኩ፤ ደብረ ታቦር ገባን።

ቤት

ጫማዬን ሳላወልቅ ፍላሹን ላፕቶፑ ላይ ሰካሁ። አስራ አንድ ፎቶ ተከፈተ፤ አስራ ሁለተኛው ግማሹ ግራጫ ነው። ከአስራ አንዱ በአንዱም አያ ውዱ አልተቀመጡም። ጋቢያቸውን ያጣፋሉ፣ ዶሮውን ይሰድባሉ፣ በአንዱ ላይ የጎደለ ጥርሳቸው እስኪታይ ይስቃሉ።

ደወልኩላቸው። አንዴ እንኳ ሳይጠራ አነሱት።

«ገባሽ?»

«ገብቻለሁ አያ። ግን ፎቶው...» ሁሉንም ነገርኳቸው። «የተኮሳተሩበት የለም። የሳቁበት ነው የተረፈው።»

ድምፃቸው ተሰበረ። «ከሄድሽ ጀምሮ ስልኩን ይዤ ደጅ ተቀምጫለሁ። ስለ ፎቶ አታውሪኝ። ለሞቴ ብዬ አንቺን መንገድ ላይ አወጣሁሽ።»

እኔ መንገዱን ሙሉ ስለ ካርዱ ስሰጋ፣ እሳቸው የሰጉት ለእኔ ነበር። በዚያው ምሽት አስራ አንዱንም፣ የተማሪዎቼን ምረቃም፣ ሁለት ሁለት ቦታ ገለበጥኩ። ዳግመኛ አንድ ካርድ ብቻ ይዤ ከቤት አልወጣም፤ ከማነሳው ሰው ጀርባ ምን እንዳለ ሳላይም አላነሳም።

የሳቁበትን አሳትሜ በዚያው ሹፌር እጅ ላክሁላቸው። ለለቅሶ ብለው ሣጥን ውስጥ ይከቱታል ብዬ ነበር። እንግዳ በሚቀመጥበት በኩል ግድግዳው ላይ ሰቀሉት አሉ፤ የመጣውን ሁሉ «ያሳቀኝ ዶሮው እኮ ነው» እያሉ ያስቁታል።