የጀልባዋ ትኩሳት

ሐይቅ ዳር፣ ጀልባዎች በሚቆሙበት ስፍራ፣ ታቢታን የማያውቅ የለም። ከነጂዎቹ ሁሉ ሴት እሷ ብቻ ናት። እዚያው አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር ተወልዳ አድጋ፣ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ሸሚዝ ስትሰፋ ቆይታ፣ ሶልያናን ስትወልድ ሥራውን ተወች። ባሏ ሕዝቅያስ የጀልባውን ሞተር በፈታ ቁጥር ልጇን አዝላ በስልኳ መብራት ታበራለት ነበር። ማብራቱ ወደ መፍታት፣ መፍታቱ ወደ መንዳት አደረሳት። ወንዶቹ በመጀመሪያው ሰሞን «ካፒቴን፣ ወጥሽ እንዳያርር» እያሉ ያሾፉባት ነበር።

«የምታርሩትስ እናንተ ናችሁ፤ ተሳፋሪው እኔ ጋ መጣ» ትላቸዋለች፣ ቀና ሳትል።

በእነሱ ማቆሚያ የዘመን መለወጫው በዓል ፍቼ ጫምባላላ ሲደርስ ጀልባውን ሳይቀባ የሚውል የለም። በዓሉን በአሮጌ ቀለም መቀበል ልጅን ሳያጥቡ አደባባይ እንደ ማውጣት ይቆጠራል። ዘንድሮ ሕዝቅያስ የጀልባዋን ገላ ነጭ ሲቀባ፣ ታቢታ ሞተሩ ግርጌ ያለውን ብረት ዝገቱን ፍቃ፣ ሽቦዎቹን ፈትታ፣ ደማቅ ሰማያዊ አለበሰችው። ሲደርቅ ሽቦዎቹን በየቦታቸው መልሳ አሰረች። ያየ ሁሉ «ሙሽራ መሰለች» አለ።

በበዓሉ ማግስት ኢየሩስ የምትባል የዩኒቨርሲቲ ሠራተኛ እናቷን ይዛ መጣች። እናትየው እማማ ፀሐይ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከደብረ ብርሃን የመጡ ናቸው። ጀልባ ላይ ሲወጡ የታቢታን ክንድ ጭምድድ አድርገው ያዙ።

«አንቺ ልጅ፣ ዋና ትችያለሽ?»

«እችላለሁ፣ እማማ።»

«እኔን ይዘሽ?»

«እርስዎን ይዤ እንኳ አልሞከርኩትም።»

ሳቁና ተቀመጡ። ሞተሩ ቁልፉ አንዴ ሲዞር ተነሣ።

ታቦር ተራራ ከኋላቸው እያነሰ ሄደ። ከደንገሉ ራቅ ብላ ታቢታ ሞተሩን አጠፋች፤ ጉማሬ በጩኸት አይታይምና። ዝምታው ሲወርድ ውሃው የሚተነፍስ መሰለ። ከደንገሉ ጥግ ሁለት ጆሮዎች ብቅ አሉ፤ ቀጥሎ ሰፊ ግንባር፤ ከዚያ የጉማሬዋ ጀርባ እንደ ደሴት ቀስ እያለ ከውሃው ወጣ። ከጎኗ የተለጠፈ አንድ ግልገል ነበር፤ ገና እንደ እርጥብ ቆዳ ያብለጨልጫል።

እማማ ፀሐይ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ይኼን ያህል ፍጥረት» አሉ በሹክሹክታ፣ «ውሃው ሸሽጎ ያኖረዋል?»

ታቢታ ጉማሬ ስንት ጊዜ አይታለች፤ ግን ግልገል ያላትን ስታይ ሁልጊዜ ጡቷ ይከብዳታል። ሶልያና ጎረቤት ቤት ናት፤ አሁን ከእንቅልፏ ተነሥታ ይሆናል። ለመመለስ ቁልፉን አዞረች።

ጠቅ።

እንደገና አዞረች። ጠቅ። ሌላ ድምፅ የለም።

የከሰዓቱ ነፋስ መነሣት ጀምሯል፤ የሚነፍሰውም ወደ ደንገሉ ነው። ግልገል ያላት ጉማሬ አጠገቧ የደረሰን ጀልባ እንደማትምር ታቢታ ታውቃለች። ሞተሩን በእጅ የሚያስነሣው ገመድ ተበጥሶ ገና አልተተካም። ሕዝቅያስ አዲስ ሊገዛ ሻሸመኔ ሄዷል። መቅዘፊያውን ለኢየሩስ ሰጥታ ደወለችለት።

«ባትሪው ሞቶ ነው» አለ ሕዝቅያስ።

«አልሞተም። መብራቱን ሳበራው ቦግ ይላል።»

«ማርሹስ?»

«ባዶ ላይ ነው። የአደጋ ጊዜ ሞተር ማጥፊያዋም ገመድ ቦታዋ ላይ ናት። አይቻለሁ።»

«ከማቆሚያው ሰኢድን ከነጀልባው እልክልሻለሁ። እስኪመጣ ጠብቂ።»

«እኔስ እጠብቅ ነበር፤ ለነፋሱ ማን ይንገርልኝ?»

ስልኩን ዘጋችና የሞተሩን ክዳን ከፈተች። ቀይ ሽቦ፣ ጥቁር ሽቦ፣ ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ፤ ሁሉም ቦታው ላይ ነው። የተበጠሰ የለም፤ የተቃጠለም አይሸትም። ሁሉም ደኅና መስሎ ሲታይ ምን ይፈተሻል? ሶልያና አፍ ሳትፈታ በፊት ሌሊት እያለቀሰች ስታስነሣት የምታደርገው ትዝ አላት። የማይናገር ልጅ ያመመውን አይነግርም፤ እጅ ነው የሚያገኘው።

«ኢየሩስ፣ መቅዘፊያውን ለእማማ ስጪና ቁልፉን ያዢልኝ። አዙሪ ስልሽ አዙሪ፣ ተይ ስልሽ ተይ።»

«እኔ ልቅዘፍ?» አሉ እማማ ፀሐይ።

«ወጥ እንደሚያማስሉ ያድርጉት።»

«እንዲህ ያለ ድስት አይቼም አላውቅ» አሉ፤ ማማሰላቸውን ግን ጀመሩ።

ኢየሩስ እያዞረች ስትተው፣ ታቢታ በእጇ ጀርባ፣ የልጅ ግንባር እንደሚዳሰስ፣ ሽቦዎቹን ተራ በተራ ዳሰሰች። ባትሪው ላይ ያለው የቀዩ ጫፍ ቀዝቃዛ ነው። ሞተሪኖው ላይ ያለውም ቀዝቃዛ። የጥቁሩ ጫፍ ባትሪው ላይ ቀዝቃዛ። ጥቁሩን ተከትላ ወደ ታች ወረደች፤ ከሰማያዊው ብረት ጋር በብሎን በታሰረበት ቦታ እጇን አሳረፈች።

አተኩሶታል። እጇን ነጥቃ፣ ተጠራጥራ፣ መልሳ ነካችው። እዚያች ቦታ ብቻ፣ ልክ እንደ ታመመ ልጅ ግንባር ይፋጃል።

አሁን ገባት። ዓይን የማያየው፣ ድምፅ የሌለው ነገር በቀዩ ሽቦ ሄዶ፣ ሞተሪኖውን ሊያዞር ገብቶ፣ በጥቁሩ ሊመለስ መጥቶ እዚህ በር ተዘግቶበታል፤ ሲገፋ ነው የሚግለው። የመመለሻውን መንገድ ሕዝቅያስ «ማሳ» ይለዋል፤ ማሳ ደግሞ ራቁት ብረት ይፈልጋል። እሷ ያን የመሰለ ሰማያዊ ቀብታ፣ በቀለሙ ላይ አስራዋለች። ብሎኑ ቀለሙን ጥቂት ስለጫረው ኤሌክትሪኩ እስካሁን በዚያች ቀዳዳ ሲያልፍ ቆይቶ፣ የሞተሩ ንዝረት ብሎኑን ሲያላላው ያቺም ጠበበች።

«ሙሽራዬን በገዛ እጄ አንቄያታለሁ» አለች።

«ትሞታለች?» አሉ እማማ ፀሐይ ከመቅዘፊያው ሳይላቀቁ።

«አትሞትም። ትንሽ ትላጣለች።»

መጀመሪያ ጥቁሩን ከባትሪው አላቀቀች፤ ብሎኑን ፈታች፤ በካቻቢቴ ጫፍ ሰማያዊውን ትፍቀው ጀመር። ነፋሱ ቀለሙን ፊቷ ላይ ይበትናል። ደንገሉ ቀርቧል። ኢየሩስ ቀስ ብላ «ታቢታ» አለች። ቀና ስትል ጉማሬዋ ግልገሏን ወደ ኋላዋ አድርጋ ፊት ለፊት ቆማለች፤ የትንፋሿ ርጭት እስከ ጀልባዋ ይደርሳል። ታቢታ የጉማሬዋን ዓይን ካየች በኋላ የራሷን ለመንቀል ተቸገረች። በዚያ ሁሉ ሥጋ ውስጥ ያለው ዓይን ትንሽ ነው፤ ግን የምትጠብቀውን ያውቃል።

«የምፍቀው ልሄድልሽ ነው እኮ» አለቻት፣ ለሰው እንደሚነገር።

ብረቱ ነጭ ሆኖ ሲታይ ሽቦውን አሳረፈችበት፤ ብሎኑን ጉልበቷ እስኪያልቅ አጠበቀችው፤ ጥቁሩን ወደ ባትሪው መለሰች።

«አዙሪ።»

ሞተሩ አጓርቶ ተነሣ። ጉማሬዋ ሰጠመች፤ ግልገሉም ተከተላት፤ የነበሩበት ቦታ ላይ አረፋ ብቻ ቀረ። ታቢታ ጀልባዋን አዙራ ከነፋሱ ጋር ተፋጠጠች። እማማ ፀሐይ መቅዘፊያውን እንዳቀፉ ቀሩ፤ ማንም አልተቀበላቸውም።

መንገድ ላይ ሰኢድ መጎተቻ ገመድ ይዞ ሲመጣ አገኙት። «ምኑ ነበር?» ብሎ ጮኸ።

«አተኩሷት ነበር» ብላ መለሰችለት። ምን እንዳለች ሳይገባው ከጎናቸው ሆኖ አጀባቸው።

ማቆሚያው ደርሰው እናትና ልጅ ወረዱ። ታቢታ ሞተሩን አጠፋች። መልሳ ቁልፉን አዞረች፤ ተነሣ። አጠፋች። እንደገና አዞረች፤ ተነሣ።

«ደግሞ ምን ሆነች?» አሉ እማማ ፀሐይ ከዳር ሆነው።

«ምንም አልሆነችም» አለች ታቢታ። የጡቷ ወተት ሸሚዟን አርጥቦታል፤ ሶልያና ትጠብቃታለች። እጇን ጥቁሩ ሽቦ ላይ አሳርፋ፣ ቀዝቃዛ መሆኑን እያዳመጠች፣ አንድ ጊዜ ብቻ ደግማ አዞረችው።