ሽቅብ የሚገፉ ብስክሌቶች

ደበላ ጉልበቱ እስኪከዳው ድረስ ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ እንጨት ተሸክሟል። በ1930 ዓ.ም. ተቀምጦ የሚሠራው ሥራ አገኘ። የጣሊያን የመንገድ ቢሮ ከሽሮ ሜዳ በሚወርደው መንገድ ዳር ለብስክሌት የሚሆን ጠባብ መንገድ ለመሥራት አስቦ፣ አስቀድሞ በቀን ስንት እንደሚያልፍ ማወቅ ፈለገ።

ደበላ ፊደል አልቆጠረም። ለዚህ ሥራ ግን ባቄላ ይበቃው ነበር። ዳገቱ አጋማሽ ካለ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ብስክሌት ባለፈ ቁጥር አንድ ባቄላ ይጥላል፤ ለሚወርደው በአንዱ ማሰሮ፣ ለሚወጣው በሌላው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አስተርጓሚው ወልዱ መጥቶ ቆጥሮ ይመዘግባል። ደበላ ለሚስቱ ለጌጤ፣ ተቀምጦም እንጀራ እንደሚበላ ገና አሁን ማወቁን ነገራት።

በሦስተኛው ሳምንት ወልዱ አለቃውን፣ ጣሊያናዊውን መሐንዲስ፣ በማኪና ይዞት መጣ። በቀን ሰማንያ ብስክሌት ይወርዳል፤ የሚወጣው ስድስት ነው። ሰባ አራቱ የት ይገባሉ? መሐንዲሱ ቆጣሪው እንቅልፋም ነው ብሎ ደምድሟል። ሌላ ሰው ሊቀጥር ነው።

በዚህ መሐል የሰፈሩ ባለሱቅ ሸፊ ከታች ብቅ አለ። የስኳር ጆንያ ብስክሌቱ ላይ ጭኖ ይገፋል። ደበላ ሰላም አለው፤ እጁን ግን ወደ ባቄላው አልሰደደም። መሐንዲሱ ይህን አይቶ ጮኸ።

“ሲቀጥሩኝ ሰው የተቀመጠበትን ብቻ ቁጠር ያሉኝ እርስዎ ነዎት፣ ጌታዬ” አለ ደበላ። “በዚህ ዳገት ላይ ማን ይቀመጥበታል?”

መሐንዲሱ ይቻላል አለ። የሸፊን ጆንያ አስወርዶ በብስክሌቱ እስከ ታች ወረደ፤ ዞሮም ሽቅብ ይነዳ ጀመር። ኩርባው ጋ ሲደርስ ተንገዳገደ። ከዚያ ወርዶ እየገፋ መጣ፤ ፊቱ በርበሬ መስሏል።

ወልዱ ወደ ደበላ ጠጋ አለ። “ጋሽ ደበላ፣ እባክዎ አንዲት ባቄላ ይጣሉለት። ሥራዎን እንዳያጡ።”

“ቢነዳ እጥልለት ነበር።”

መሐንዲሱ ምን እንዳለ ጠየቀ። ወልዱ እንዳለ ተረጎመው። መሐንዲሱ የደበላ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ትንፋሹ ሲመለስለት ሳቀና፣ ለሚገፉት ሦስተኛ ማሰሮ ይጨመር አለ። ደበላ ማሰሮ አልነበረውም፤ ምሳውን የበላበትን ጣባ አቀረበ።

በማግስቱም፣ ከዚያ በኋላም ደበላ ድንጋዩ ላይ ነበር። ጠባቡ መንገድ በስተመጨረሻ ሽቅብ በሚወጡት በኩል ተሠራ፤ ስፋቱም ሰው ከብስክሌቱ ጎን እየሄደ የሚያስገፋ ነው።

መሐንዲሱ ዳገቱን በሞከረበት ዕለት ማታ ወልዱ ጣባው ውስጥ ሃያ ሦስት ባቄላ ቆጠረ። የመጀመሪያው የሸፊ ነበር። የሁለተኛውን ባለቤት ደበላም አልተናገረም፣ ወልዱም አልጠየቀም።